የሚፈላ ጋን አይደፈንም፦ ቢራ በቤት ውስጥ የመጥመቅ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ፊዚክስ

በአማርኛ ውኃም ይፈላል፣ ጠላም ይፈላል። ሁለቱን ክስተቶች በአንድ ግስ የምንጠራው እኛ ብቻ አይደለንም። ፌርሜንቴሽን የሚለው የሳይንስ ቃል ራሱ የመጣው መፍላት የሚል ፍቺ ካለው የላቲን ግስ ነው። ዓይን የሚያየው በእርግጥ አንድ ዓይነት ነው፤ ከታች ወደ ላይ የሚነሣ አረፋ፣ የሚናወጥ ፈሳሽ። ለፊዚክስ ግን ሁለቱ ተቃራኒዎች ናቸው። ሻይ ሲፈላ ሙቀት ከውጭ ወደ ውስጥ ይገባል፤ እሳቱ ሲጠፋ ፍላቱም ወዲያው ይቆማል። ጠላ ወይም ቢራ ሲፈላ ሙቀቱ የሚመነጨው ከውስጥ ነው። ከሥሩ የምንቀንሰው እሳት የለም። ፍላቱ ሲበረታም ሙቀት ይጨምራል፤ ሙቀቱም መልሶ ፍላቱን ያበረታዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቢራ የሚጠምቅ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚደናገጠው በዚህ ላይ ነው። ዕቃው ሲንተከተክና አረፋው ሲገነፍል ሲያይ ክዳኑን አጥብቆ መዝጋት ያምረዋል። ውድ አንባቢያን፣ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ፍላጎት ለምን አደገኛ እንደሆነ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስና ኬሚስትሪ ብቻ ማስረዳት ነው። ጽሑፉ የመጠጥ ማስታወቂያ አይደለም። ለአካለ መጠን ያልደረሱ አንባቢያን ቁጥሮቹን ይውሰዱ፤ መጠጡን ለታላላቆቻቸው ይተዉ።

ጋቢ የለበሰው ባልዲ

በእንግሊዝ አገር ቢራን ለቤት ፍጆታ ያለ ፈቃድ መጥመቅ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ዛሬ በዚያ አገር ሥራው እንደ ጓሮ አትክልት ያለ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ነው። የዶክትሬት ትምህርቴን በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል በምከታተልበት ጊዜ አንድ የላቦራቶሪ ባልደረባዬ እንደ ማር የወፈረ የብቅል ጭማቂ በቆርቆሮ፣ ደረቅ እርሾ በትንሽ ፓኬትና አንድ ባለ ክዳን የፕላስቲክ ባልዲ ይዞልኝ መጣ። ክዳኑ ላይ ኤርሎክ የሚባል፣ በውስጡ ጥቂት ውኃ የያዘ ጠማማ ቱቦ ተሰክቷል። ኤርሎክ ጋዙ በውኃው ውስጥ አልፎ እንዲወጣ ያደርጋል፤ የውጭውን አየር ግን አያስገባም።

ወሩ ጥር ነበር፤ ክፍሌም ቀዝቃዛ። እርሾው በብርድ እንዳይሞትብኝ ሰጋሁ። ስለዚህ 23 ሊትር በሚይዘው ባልዲ ውስጥ 20 ሊትር ዎርት ሞላሁበት። ዎርት የሚባለው እርሾ ያልገባበት፣ በሆፕ የተቀቀለ የብቅል ጭማቂ ነው። ፈሳሹ በደንብ ሳይቀዘቅዝ፣ ገና ለብ እንዳለ እርሾውን ጨመርኩ። ክዳኑን ግጥም አድርጌ ዘጋሁና ባልዲውን እናቴ በላከችልኝ ጋቢ ጠቅልዬ ከክፍል ማሞቂያው አጠገብ አስቀመጥኩት።

በሁለተኛው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የፍንዳታ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ክዳኑ አልጋዬ ሥር ገብቷል። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ አረፋ ይንጠባጠባል። የጋቢውን ነገር ባልናገር ይሻላል።

በማግስቱ ለእናቴ ስልክ ደውዬ ስለ ባልዲው ብቻ ነገርኳት። «ልጄ፣ አፉ ድረስ ሞላኸው እንዴ? ደግሞስ የሚፈላ ጋን ይደፈናል? ጎደሎ አድርገህ፣ አፉን በጨርቅ ሸፈን አድርገህ እስኪበርድለት መተው ነው እንጂ። መድፈን ኋላ ይደርሳል» አለችኝ። በዚያን ጊዜ ሦስተኛ ዓመት የዶክትሬት ተማሪ ነበርኩ፤ የጋዝ ሕጎችንም ለጀማሪ ተማሪዎች አስተምር ነበር። ሆኖም ባልዲው ላይ ያሉትን ቁጥሮች አንድ ጊዜም አላሰላኋቸውም ነበር። ስሌቱን የሠራሁት ከስልኩ በኋላ ነው።

ስንት ሊትር ጋዝ ይወጣል?

እርሾ 180 ግራም ግሉኮስን ሲያብላላ 92 ግራም አልኮልና 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። በሌላ አነጋገር፣ ከስኳሩ ክብደት ግማሽ ያህሉ ጋዝ ሆኖ ይሄዳል። የባልዲዬ ዎርት አንጻራዊ እፍግታ 1.050 ነበር። በ20 ሊትር ውስጥ 2.6 ኪሎ ግራም ያህል የሟሟ ነገር አለ ማለት ነው፤ አብዛኛው ስኳር ነው። ከዚህ ውስጥ እርሾ የሚያብላላው 1.6 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 0.8 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 18 ሞል ያህል ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በባሕር ወለል ግፊት አንድ ሞል ጋዝ 24 ሊትር ስለሚይዝ፣ በጠቅላላው ከ400 ሊትር በላይ ጋዝ ይገኛል። ከባልዲው ጋር ሲነጻጸር ከአሥራ ስምንት እጥፍ ይበልጣል!

አዲስ አበባ ላይ ቁጥሩ ከዚህም ይጨምራል። የከተማችን የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ ያው 0.8 ኪሎ ግራም ጋዝ እዚህ ወደ 560 ሊትር ይሰፋል። እንግሊዝ አገር የተጻፈ የአጠማመቅ መመሪያ ይዞ አዲስ አበባ ላይ የሚሠራ ሰው መመሪያው ከሚያዘው የበለጠ ባዶ ቦታ ለአረፋው ቢተው አይቆጨውም።

ጋዙ ግን በእኩል ፍጥነት አይወጣም። በመጀመሪያዎቹ 12 ወይም 24 ሰዓታት ምንም የሚታይ ነገር ላይኖር ይችላል፤ እርሾው በዎርቱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን እየተጠቀመ ይራባል። ጀማሪው «እርሾው ሞቷል» ብሎ ሁለተኛ ፓኬት የሚጨምረው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ፍላቱ በአንድ ጊዜ ይነሣል። ከጠቅላላው ጋዝ ግማሹ በአንድ ቀን ውስጥ ይወጣል ብለን ብንወስድ በሰዓት ወደ 9 ሊትር ይሆናል።

ሰባ ኪሎ በክዳን ላይ

አሁን መውጫው ተዘጋ እንበል። በእኔ ባልዲ የሆነው ይኸው ነው፤ አረፋው የሆፕ ቅሪትና የእርሾ ዝቃጭ ተሸክሞ ወጣና የኤርሎኩን ጠባብ ቀዳዳ ደፈነው። በሰዓት 9 ሊትር የሚመረተው ጋዝ ከፈሳሹ በላይ ባለው የ3 ሊትር ቦታ ውስጥ ይታመቃል። ግፊቱ በአንድ አሥረኛ አትሞስፌር እንዲጨምር ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ጋዙ ሁሉ በባዶው ቦታ ይከማቻል ካልን 0.3 ሊትር ይበቃል፤ ይህም 2 ደቂቃ ነው። በሄንሪ ሕግ መሠረት ግፊቱ ሲጨምር በፈሳሹ ውስጥ የሚሟሟው ጋዝም ይጨምራል። ፈሳሹ የሚችለውን ያህል ሁሉ ያሟሟል ብንል እንኳ ጊዜው 13 ደቂቃ ቢሆን ነው። እውነተኛው መልስ በሁለቱ መካከል ይገኛል።

አንድ አሥረኛ አትሞስፌር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ግፊት በስፋት ይባዛል። የክዳኑ ዲያሜትር 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 0.07 ካሬ ሜትር ነው፤ 10 ሺህ ፓስካል በዚህ ሲባዛ 700 ኒውተን ይሰጣል። ሰባ ኪሎ የሚመዝን ሰው ከባልዲው ውስጥ ሆኖ ክዳኑን ወደ ላይ እንደሚገፋ መቁጠር ይቻላል። የፕላስቲኩ ክዳን ስላልቻለ በረረ፤ ይህም ዕድል ነው። ትልቅ የመስታወት ጠርሙስ ተጠቅሜ ቡሹን አጥብቄ አስሬው ቢሆን ኖሮ ጠርሙሱ ራሱ ሊሰነጠቅ ይችል ነበር። ፍላት የሚካሄድበት ጠፍጣፋ ሥር ያለው የመስታወት ዕቃ ግፊት እንዲሸከም ተብሎ የተሠራ አይደለም። ፍላት ላይ ያለን ማንኛውንም ዕቃ ማሰር ወይም በክዳኑ ላይ ድንጋይ መጫን አይገባም የምለው ከዚህ የተነሣ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወይም አራት ቀናት ኤርሎኩ ይነሣና በምትኩ ውስጡ ሰፊ የሆነ ንጹሕ የፕላስቲክ ጎማ ይሰካል። ሁለት ሳንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ግን አይነስ። ሌላኛው ጫፍ ጥቂት ውኃ ባለበት ጆግ ውስጥ ይጠልቃል። አረፋው ከፈለገ በጎማው በኩል ወጥቶ ጆጉ ውስጥ ይወድቃል፤ ጋዙም በውኃው ውስጥ እየተንቦለቦለ ያመልጣል። የጎማው ስፋት ለይስሙላ አይደለም። በቱቦ ውስጥ የሚፈስ ዝልግልግ ፈሳሽን የሚገታው ኃይል ከቱቦው ሬዲየስ አራተኛ ርቢ ጋር በተቃራኒ ይዛመዳል። ቱቦው በግማሽ ሲጠብ መገታቱ 16 እጥፍ ይሆናል። አረፋ እንደ ውኃ ያለ ተራ ፈሳሽ ባለመሆኑ ሕጉ በትክክል አይሠራበትም፤ አቅጣጫውን ግን ያሳያል።

ጎማው በውኃው ውስጥ ምን ያህል ይጥለቅ? አምስት ሳንቲ ሜትር በቂ ነው። ይህ በክዳኑ ላይ የሚያሳድረው ጭነት ከ3 ተኩል ኪሎ አይበልጥም። ግማሽ ሜትር ጥልቀት ባለው በርሜል ውስጥ ቢከቱት ጭነቱ 35 ኪሎ ይሆናል፤ ችግሩን በሌላ በር መልሶ ማስገባት ነው። የጆጉም ውኃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ፍላቱ ሲበርድና ክፍሉ ሲቀዘቅዝ በባልዲው ውስጥ ያለው ጋዝ ይኮማተራል፣ ከፊሉም ወደ ፈሳሹ ይሟሟል፤ በዚህ ጊዜ ውኃው በጎማው በኩል ወደ ኋላ ሊሳብ ይችላል። ጆጉ ውስጥ ያለው ውኃ ጥቂት ከሆነ የጎማው ጫፍ ቶሎ ይገለጥና አየር ብቻ ይስባል።

ለአረፋው የሚተወውን ቦታ በተመለከተ ከዕቃው አንድ አምስተኛ ቢያንስ ባዶ ይሁን፤ አንድ አራተኛ ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው። የቢራ አረፋ ከለስላሳ መጠጥ አረፋ የሚለየው ባለመፍረሱ ነው። ከብቅሉ የሚመጡ ፕሮቲኖችና ከሆፕ የሚመጡ መራራ ውሕዶች በእያንዳንዱ የአረፋ ግድግዳ ላይ እየተደረደሩ ያጠነክሩታል። በብርጭቆ ውስጥ ሲሆን የምናደንቀው አረፋ በባልዲ ውስጥ ሲሆን ኮርኒስ ያበላሻል።

ሙቀቱን ማን ይወስደዋል?

የሙቀት መለኪያ አሃድ በስሙ የተጠራለት ጄምስ ፕሬስኮት ጁል የቢራ ጠማቂ ልጅ ነበር፤ የቤተሰቡ ጠመቃ ቤት እ.ኤ.አ. በ1854 እስኪሸጥ ድረስም በሥራው ይሳተፍ ነበር። የመጠነ ሙቀትን ጥቂት ለውጥ መለካት ለጠማቂ የዕለት እንጀራው ነውና ቴርሞሜትር ላይ የነበረው ጥንቃቄ ከየት እንደመጣ መገመት አያስቸግርም።

በቢራ ፍላት አንድ ኪሎ ግራም ስኳር ሲብላላ ግማሽ ሚሊዮን ጁል ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ሙቀት ይለቀቃል። የእኔ 1.6 ኪሎ ግራም እንግዲህ ወደ 900 ሺህ ጁል ይሰጣል። ሃያ ሊትር ውኃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 84 ሺህ ጁል ያስፈልጋል። ሙቀቱ ሁሉ ሳይወጣ ቢቀር ፈሳሹ ከ10 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። በ20 ዲግሪ የተጀመረው ከ30 ያልፋል ማለት ነው።

በተራ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ባልዲ ይህን ያህል አይሞቅም። ፍላቱ በሚበረታበት ቀን የሚመነጨው 5 ዋት ገደማ ነው፤ ይህም ከአንዲት ትንሽ የሌሊት አምፖል አይበልጥም። ግድግዳው ይህን ወደ አየሩ ሲያስተላልፍ ፈሳሹ ከክፍሉ አየር ሁለት ወይም ሦስት ዲግሪ ከፍ ብሎ ይረጋል። ጋቢ ሲለብስ ግን የመውጫው መንገድ ይዘጋል። የጋቢ ጥቅም ሙቀት መስጠት አይደለም፤ ሙቀት እንዳይወጣ መያዝ ነው። በብርድ ጊዜ ለሰው የሚጠቅመው ይኸው ጠባይ በባልዲው ላይ ሌላ ውጤት አመጣ። ፈሳሹ ሞቀ፤ የእርሾው ሥራ ፈጠነ፤ ሥራው ሲፈጥን የሚመነጨው ሙቀትም ጨመረ። የክፍሉ ማሞቂያ ደግሞ ከጎን ሆኖ ያግዘዋል።

ጉዳቱ በግንፈላ አያበቃም። የእንግሊዝ ኤል ለሚባለው የቢራ ዓይነት የሚስማማው እርሾ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ባለው ክልል ጥሩ ይሠራል። ከዚያ ብዙ ሲያልፍ ፊዩዝል የሚባሉትን ከባድ አልኮሎች ያበዛል፤ ቢራው የቀለም ማቅጠኛ የሚመስል ጠረን ያመጣል፣ ለራስ ምታትም ይዳርጋል ይባላል። ይህ ጣዕም አንዴ ከተፈጠረ በኋላ ማቀዝቀዝ አይመልሰውም። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ከመሯሯጥ ይልቅ ዎርቱን በመጀመሪያ ወደ 18 ዲግሪ አውርዶ እርሾውን ከዚያ በኋላ መጨመር ይበጃል።

ማቀዝቀዣ ለሌለው ሰው ከሁሉ የሚሻለው መሣሪያ እርጥብ ጨርቅ ነው። ውኃ በሚተንበት ጊዜ እያንዳንዱ ግራም 2,450 ጁል ያህል ይዞ ይሄዳል። 5 ዋት ሙሉ በሙሉ ለመውሰድ በሰዓት 7 ወይም 8 ግራም፣ በቀን ከ200 ግራም ያነሰ ውኃ መትነን ይበቃዋል፤ አንድ ብርጭቆ እንኳ አይሞላም። ባልዲውን ውኃ ባለበት ሰፌድ መሰል ሳፋ ውስጥ አስቀምጦ አሮጌ ካናቴራ ማልበስና የካናቴራውን ጫፍ ውኃው ውስጥ መንከር ነው። ጨርቁ ውኃውን ራሱ ይስባል። በሁለተኛው ሙከራዬ ያደረግሁት ይህን ነው፤ ቴርሞሜትሩ ከ20 ዲግሪ አላለፈም። የሸክላ እንስራ ውኃ የሚያቀዘቅዘው በዚሁ መንገድ ነው፤ ያልተለበጠ የሸክላ ጋንም ግድግዳው ላብ ስለሚያወጣ ከፕላስቲክ በርሜል የተሻለ ራሱን ያቀዘቅዛል።

ዕቃው ሲተልቅ ነገሩ ይከብዳል። ሙቀት የሚመነጨው በይዘቱ ልክ ነው፣ የሚወጣው ግን በገጽታው ስፋት ልክ ነው። መቶ ሊትር የሚይዝ በርሜል ከ20 ሊትሩ ባልዲ አምስት እጥፍ ሙቀት ያመነጫል፤ የገጽታው ስፋት ግን ሦስት እጥፍ እንኳ አይደርስም። የቢራ ፋብሪካዎች ጋኖቻቸውን በቀዝቃዛ ፈሳሽ ጃኬት የሚያለብሱት ለዚህ ነው።

የማይታየው ጎረቤት

እ.ኤ.አ. በ1767 ጆሴፍ ፕሪስትሊ ሊድስ በምትባለው የእንግሊዝ ከተማ ከአንድ ጠመቃ ቤት አጠገብ መኖር ጀመረ። ከሚፈላው ጋን በላይ ያለው «አየር» የሚነድ እንጨት እንደሚያጠፋና ጭሱም ከጋኑ ጠርዝ እየፈሰሰ ወደ ታች እንደሚወርድ ተመለከተ። ይህን ጋዝ በውኃ ውስጥ ስለ ማሟሟት እ.ኤ.አ. በ1772 ያሳተመው ጽሑፍ የዛሬው የለስላሳ መጠጥ መነሻ ነው። ጭሱ ወደ ታች የፈሰሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ የሚከብድ በመሆኑ ነው።

የእኔ የተማሪ ክፍል 22 ሜትር ኩብ ያህል ነበር። መስኮቱና በሩ ፍጹም ቢታሸጉ 400 ሊትሩ ጋዝ ከክፍሉ አየር ወደ 2 በመቶ ይደርሳል። በብዙ አገሮች ለስምንት ሰዓት የሥራ ቀን የተፈቀደው ወሰን 0.5 በመቶ ነው። 4 በመቶ ለሕይወት አስጊ ተብሎ ይመደባል፤ በ10 በመቶ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ይስታል። በተራ ክፍል አየር በየቀዳዳው ስለሚገባ እንቅልፍ ማብዛትና ራስ ምታት ቢገጥም ነው፤ ቢሆንም ፍላት ከሚካሄድበት ዕቃ ጋር በአንድ ዝግ ክፍል ማደር አይመከርም። ብዙ ጋን በአንድ ጠባብ ጓዳ ሲደረደር ግን ስሌቱ ይለወጣል። ስድስት ሜትር ኩብ በሆነ መስኮት አልባ ጓዳ ውስጥ 100 ሊትር እንዲህ ያለ ዎርት ቢፈላ የሚወጣው ጋዝ ከ2,000 ሊትር ያልፋል፤ የጓዳውን አየር አንድ ሦስተኛ ማለት ነው። ጋዙ ወለል ላይ ስለሚተኛ በቅድሚያ የሚያገኘው ጎንበስ ያለውን ሰውና ሕፃናትን ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። ትልቅ ጋን ወይም በርሜል ለማጠብ ራስን ወደ ውስጥ ማስገባት ፈጽሞ አይገባም፤ መጠጡ ከተቀዳ በኋላም ጋዙ ከሥሩ ይቀራል። «ሻማ አብርቶ መሞከር ይበቃል» የሚባለውም አያስተማምንም። ነበልባሉ ከመጥፋቱ በፊት ሰው ሊታመም ይችላልና። በርና መስኮት መክፈት ከሻማው ይሻላል።

ጸጥ ካለ በኋላ

በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን አረፋው ይወርዳል፤ ያኔ ጎማውን አንሥቶ ኤርሎኩን መመለስ ይቻላል። ጀማሪው ሁለተኛውን ስሕተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ጸጥታውን አይቶ «አለቀ» ይልና ጠርሙስ ውስጥ ቀድቶ ቆርኪውን ይመታል። አረፋ መጥፋቱ ግን ስኳር ማለቁን አያረጋግጥም። የሚያረጋግጠው ሃይድሮሜትር ነው፤ በሁለትና ሦስት ቀን ልዩነት የተወሰዱ ንባቦች አንድ ሲሆኑ ብቻ ፍላቱ ቆሟል ይባላል።

ጠርሙስ ውስጥ ጋዝ እንዲፈጠር ሆን ተብሎ በሊትር 6 ግራም ያህል ስኳር ይጨመራል፤ ግፊቱም በ20 ዲግሪ ወደ 3 አትሞስፌር ይደርሳል። ቢራው ሳያልቅ ገና 0.010 እፍግታ የሚወርድ ስኳር እያለው ቢታሸግ ግን በሊትር ተጨማሪ 20 ግራም ያህል ስኳር ይብላላል፤ ግፊቱም ወደ 9 አትሞስፌር ያሻቅባል። ተራ የቢራ ጠርሙስ ለዚህ አልተሠራም። የሚፈነዳ ባልዲ ኮርኒስ ያቆሽሻል፤ የሚፈነዳ ጠርሙስ ግን ዓይን ያጠፋል።

ራሳችሁ ሞክሩት

ይህን ሁሉ ያለ ቢራ በትምህርት ቤት ላቦራቶሪ መለካት ይቻላል። ሁለት ሊትር በሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ አንድ ሊትር ለብ ያለ ውኃ፣ 100 ግራም ስኳር፣ ሁለት ማንኪያ ዱቄትና አንድ የሻይ ማንኪያ የዳቦ እርሾ ጨምሩ። አፉን በጥጥ ብቻ ሸፍኑት፤ ክዳኑን አትዝጉት። ከዚያም በየስድስት ሰዓቱ ጠርሙሱን በሚዛን መዝኑ፣ መጠነ ሙቀቱንም ከክፍሉ አየር ጋር አነጻጽሩ። ስኳሩ ሁሉ ቢብላላ ክብደቱ 50 ግራም ገደማ መቀነስ አለበት፤ በተግባር ከዚያ ያነሰ ታገኛላችሁ። ምክንያቱን ፈልጉ። የክብደቱን ለውጥ በጊዜ ላይ ስትስሉት መጀመሪያ ጠፍጣፋ፣ ከዚያ ቁልቁል የሚወርድ፣ በመጨረሻም እንደገና የሚተኛ መስመር ይወጣል። ቁልቁለቱ ከሁሉ በላይ የሚበረታበትን ሰዓት ምልክት አድርጉበት፤ የእኔ ጋቢ የተበላሸው እዚያ ላይ ነበር።